በእማዬ ልክ የተሰፋ እርጎ

ከአኒስ ጋር ያስተዋወቀኝ የእማዬ ሰገራ ነው። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ግን ለሳቅ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ትቼ፣ አዲስ ዓለም ያለችውን የጨርቅ ሱቃችንን የምከፍት እኔ፣ የምዘጋ እኔ፣ ማታ የእማዬን እግር የማሽ እኔ። ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ የደም ስቡ፣ በወገቧ የዞረው ውፍረት፣ ተመካክረው የመጡባት ይመስላሉ። ዓይኗም መደብዘዝ ጀመረ። ቀዩን ጨርቅ ቡናማ ነው ብላ ስትሸጥ አይቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አኒስ አንድ ጠዋት በረዶ ያለበት ሳጥን ተሸክሞ ወደ ሱቃችን መጣ። እማዬን ለጥናት የመዘገቧት፣ የሆድ ባክቴሪያ የሚያጠኑ ሐኪሞች ረዳት ነው። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ዘረጋልኝና ወለል ወለሉን አየ።

«ይቺ... ለናሙና ናት።»

«ምን ልሙላባት፣ ሽሮ?»

«ሰገራ» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ይላሉ፤ ይሄ ግን በዛ!»

ሳቀ። ቀና ሲል ዓይናችን ተገናኘ። የጀመርኩትን ልኬት ረሳሁት፤ ጨርቅ ልትገዛ የቆመችው ሴትዮ «ምነው፣ ሜትሩ ጠፋ?» እስክትል።

በየሰው ሆድ ያለው ባክቴሪያ ይለያያል አሉን። የእማዬን መርምረው የጎደላትን በዱቄት ያዘጋጃሉ፤ እሷ ጠዋት ጠዋት በእርጎ በጥብጣ ትጠጣለች። የቀድሞ መድኃኒቷንም አታቋርጥም። ይሥራ አይሥራ ገና አይታወቅም፤ የሚጠናው ለዚሁ ነው።

«በእርስዎ ልክ የተሰፋ ቀሚስ ይበሉት፣ እማማ ፈህሚያ» አላት አኒስ። እማዬ ደግሞ በልክ የተሰፋ ነገር ትወዳለች።

ከዚያ በየሳምንቱ ይመጣል። እሱ ስኳሯን ይለካል፣ እኔ ጨርቅ እለካለሁ፤ በመሀል እንተያያለን። የዛለ ትከሻዬ እሱ ሲገባ ቀና ይላል። የእማዬ ስኳር ግን ንቅንቅ አላለም።

«በሚቀጥለው ምርመራ ለውጥ ከሌለ ከጥናቱ ትወጣለች» አለኝ ደጅ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እዚህ መምጫ ምክንያት አይኖረኝም።»

«ምክንያት ከጠፋ ጨርቅ ግዛ።»

«ጦይባ...»

ቀለድኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። የእማዬም ዓይን፣ እሱም፣ አብረው ሊሄዱብኝ።

በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ረስቼ ወደ ቤት ብመለስ፣ እማዬ ዱቄቱን የበጠበጠችበትን እርጎ ለጎረቤታችን ለዐዚዛና ለእህቷ ታድላለች። ለራሷ የቀራት ጭላጭ ነው።

«እማዬ! ያንቺ ብቻ ነው እኮ!»

«እነሱስ ስኳር የለባቸውም? ቀሚስ ነው ካላችሁ፣ ጎረቤቴን እየበረዳት እኔ ልልበስ?»

ለአኒስ ደወልኩለት። እየሮጠ መጣ። ይቆጣል ስል፣ ደክሞት መደቡ ላይ ተቀመጠና የብርጭቆዋን ጭላጭ አየ።

«ብቻዎን መጠጣት ነው የከበደዎት?»

«ወላሂ፣ መድኃኒት ብትሉኝ ብቻዬን እውጠው ነበር። እርጎ አላችሁኝ! ሰው ተቀምጦ እያየ እርጎ ብቻ ይጠጣል እንዴ?»

አኒስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። «እንግዲያው ዱቄቱ የእርስዎ፣ እርጎው የሁላችን።»

ለአለቆቹ እውነቱን ነገራቸው፤ ከመጀመሪያው እንድትጀምር ፈቀዱላት። ከዚያ ወዲያ ዱቄቱ በእማዬ ብርጭቆ ብቻ ይበጠበጣል፤ እኔና ዐዚዛ ባዶውን እርጎ እንጠጣለን። አኒስም ወደ ሥራ ሲሄድ በየጠዋቱ ጎራ እያለ።

ወራት አለፉ። ስኳሯ ጥቂት ወረደ፣ መቀነቷም ትንሽ ላላ። በዱቄቱ ይሁን እኔ በግድ በማስኬዳት የእግር ጉዞ፣ አኒስም አላወቀም። ዓይኗ አልተመለሰም፤ ግን አልባሰም። አልሐምዱሊላህ። ጥናቱ አለቀና አኒስ ሳጥኑን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ብርጭቆ ስደረድር እማዬ «አንድ ጨምሪ» አለችኝ።

«ጥናቱ አልቋል፣ እማዬ።»

«ጨምሪ አልኩሽ! የደበዘዘው ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።»

በሩ ተንኳኳ። አኒስ ነው፤ ያለ ሳጥኑ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ዛሬስ ምን ልትወስድ መጣህ?» አልኩት።

ወለሉን አየ። ጆሮው ቀላ።

«ዛሬ የምፈልገው ያለ ሽማግሌ አይሰጥም።»

የደረደርኩትን ብርጭቆ እንደገና መደርደር ጀመርኩ። እማዬ ግን ብርጭቆውን ዘረጋችለት።

«ሽማግሌው ይደርሳል፤ መጀመሪያ እርጎህን ጠጣ። ብቻችንን አታስቀምጠን።»