ጠረጴዛዬ ስር የሚጮኸው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። የማወራችሁ ግን ከሰው አፍ የለቀምኩትን ወሬ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ዝናብ አልዘነበም፣ ውሻም አላላዘነም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች...

እኔ የቤት ፕላን እሥላለሁ። ከባሌ ተለይቼ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው አንድ ግቢ ጥግ ላይ ባለች፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። አንደኛው ክፍል ውስጥ እተኛለሁ፤ በሌላኛው ኮምፒውተሬን ይዤ እሠራለሁ።

ትዳሬን ለምን እንደተውኩ ብነግራችሁ ይረዝማል። ብቻ በባሌ ቤት የማወራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። የምስቀውም እንደዚያው።

እዚህ ግን ሬዲዮዬን እንዳሻኝ አስጮሃለሁ። ይቺን ቤት እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት።

ጠረጴዛዬ ስር አንድ ዩፒኤስ አለ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ድርግም እንዳይል፣ ሥራዬን አስቀምጬ እስክዘጋ የሚያቆይልኝ ጥቁር ሳጥን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያወጣ ነው የገዛሁት። መብራት በጠፋ ቁጥር ከጠረጴዛው ስር...

ጢ...

ጢ...

ይላል። ዩፒኤስ ሁሉ እንደዚያ ነው። "ቶሎ በይ" ማለቱ ነው።

በዚያ ሰሞን ግን አቅም አነሰው። መብራቱ ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን ስደክምበት የዋልኩት የፎቅ ፕላን ሳላስቀምጠው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ባትሪው ማለቁ ገባኝ። አዲስ ገዛሁና ራሴው ልቀይረው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ታላቅ እህቴ መጥታ ነበር። እታለም ነው የምላት። ወሬዋ ያው የተለመደው ነው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትኖር ሰው ያማታል፣ ባልሽም ተጸጽቷል፣ ልብ ግዢ። እኔም እንደ ወትሮዬ በአንዱ ጆሮዬ እያስገባሁ በሌላው እያፈሰስኩ ብሎኑን እፈታለሁ።

የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። አሮጌው ባትሪ ሆዱ ተነፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አላቅቄ፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ እንደ ምንም አወጣሁት።

እንግዲህ አስቡት። ሳጥኑ ከመብራት ተነቅሏል። ባትሪው ወጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል።

ጢ...

እታለም ንግግሯን አቋረጠች።

"ምንድነው የጮኸው?"

"የቀረው ኃይል ይኖራል፤" አልኳት። እጄ ግን ብሎን መፍቻውን ጨምድዶ ይዞት ነበር።

ከግቢያችን ማዶ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ አለ። በትንሽ ትልቁ ቱግ ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ "ፊውዝ" ይለዋል። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምንለው። ለማንኛውም ብዬ ጠራሁት። መነጽሩን አጥልቆ የሳጥኑን ሆድ አገላብጦ አየና አዲሱን ባትሪ ገጠመልኝ። ሁሉም ደህና ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል አለኝ።

"መጮኺያው የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ተቆርጦ ወጥቷል። ሰዎች ጩኸቱ ሲያሰለቻቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ይኸው፣ ቦታው ባዶ ነው። ይሄ ዕቃ ዲዳ ነው፣ እህቴ።"

ከገዛሁት ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲጮህ እንደምሰማው ነገርኩት። ሳቀ። ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይሰማል ሊለኝም ዳር ዳር አለ። ከዚያ ላሳይሽ ብሎ ሳጥኑን ከድኖ ጠረጴዛው ስር መለሰው። ገመዱን ሰክቶ ኮምፒውተሩን አስነሳና፣ ገመዱን መልሶ ከግድግዳው ነቀለው።

ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ባትሪው ይሠራል።

ዝም...

ዝም...

"አየሽ?" አለ ጋሼ።

ጢ...

ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ድምፁ የመጣው ከሳጥኑ ኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም፤ መብራት ሲሄድ ሥራዬን ለማትረፍ ስጣደፍ ማን ያዳምጣል? አሁን ግን ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን አዳመጥን።

ጢ...

መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እንደ ደከመ ነገር።

ከዚያ፣ በአንዱና በሌላው ጩኸት መሃል...

አየር ሲስብ ሰማሁት።

ሰው ነው። የማሽን ድምፅ የሚያስመስል የሰው አፍ።

ጋሼ ቀስ ብሎ ተነሳ። የመሣሪያ ቦርሳውን እዚያው ጥሎ ወጣ።

እታለም ክንዴን ያዘች።

"ልብስሽን ሰብስቢ፤" አለች በሹክሹክታ።

"ቆይ።"

"ምን ቆይ አለ? ወደ ባልሽ ቤት ነው የምትመለሺው። ዛሬውኑ።"

ይህችን ባትል ኖሮ እወጣ ነበር። እውነቴን ነው። ዓይኔ በሩን እያየ ነበር። "ባልሽ ቤት" የሚለውን ስሰማ ግን እጇን ከክንዴ አላቅቄ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ።

ገመዱን አንስቼ ሰካሁት። ወትሮ መብራቱ ሲመለስ ድምፁ ይቆማል።

አልቆመም።

ጢ... ጢ... ጢ ጢ ጢ...

ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ስር አስገባሁ። ሳጥኑ፣ ገመዱ፣ አቧራው። ከኋላ ዘይት ቀለም የተቀባው ግድግዳ። ሌላ ምንም የለም። ድምፁ ግን ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም።

"ስማ፤" አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ። "ሥጋና ደም ያለውን ሰው ጥዬ የወጣሁ ሴት ነኝ። አፍ ብቻ የሆነውን ፈርቼ አልወጣም። ቤቱ የኔ ነው። ባትሪውም ተቀይሯል። በቃ።"

ጸጥ አለ።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅኩም።

ከዚያ... ቀስ ብሎ... አፉን እንደሚፈታ ሕፃን...

"በቃ..." አለ።

በኔው ድምፅ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እታለም ቤቴ አትገባም፤ የግቢው በር ላይ ቆማ ነው የምታናግረኝ። የባሌን ነገር ግን ሁለተኛ አላነሳችም። ጋሼ ቦርሳውን እንዲወስድ ልኬበት ነበር፤ እዚያው ይቀመጥ፣ ሌላ እገዛለሁ ብሏል አሉ።

እኔ አልወጣሁም። ይህንንም የምጽፍላችሁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። መብራት ሲጠፋ "ጢ..." ይላል። "ሰምቻለሁ" እለዋለሁ፤ ሥራዬን አስቀምጬ እዘጋለሁ። አንዳንዴ እሱም ቆየት ብሎ "ሰምቻለሁ..." ይላል። አልመልስለትም።

ጀግና ናት እንዳትሉኝ፤ እፈራለሁ። ፈርቼም ቢሆን እኖርበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ።

በዚያ ቅዳሜ ማግሥት ጠረጴዛው ስር ስጠርግ፣ ግድግዳው ላይ እርጥብ ክብ አየሁ። መስታወት ላይ ስትተነፍሱ እንደሚቀረው ጉም ነው። ስፋቱ የአፍ ያህል። ይመጣል... ይደርቃል... ይመጣል...

ያኔ ወለሉ አጠገብ ነበር።

በጨርቅ ጠረግኩት። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ያንንም ጠረግኩት። በየዕለቱ ሽቅብ ይወጣል፤ እኔም በየዕለቱ እጠርጋለሁ።

ጠረጴዛዬ ያለው ጥግ ላይ ነው። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግራ ትከሻዬ ያንኑ ግድግዳ ሊነካ ምንም አይቀረው። ዛሬ ጠዋት ክቡን ያገኘሁት ከጭንቅላቴ ትክክል ነው።

ወንበሬን ፈቀቅ አላደረግኩም። አላደርግምም።

ፀሐይ ነው። መብራትም አለ። ቤቱ ውስጥ ከጣቶቼ ድምፅ በቀር ኮሽ የሚል የለም...

ግራ ጆሮዬን ግን እየሞቀኝ ነው።