ከድምፁ ጋር ያልገጠመው አፍ

«በዚህ ምላስሽ እንጀራ አትበይም! ሰው የሚጠራሽ ቲቪውን እንድትሠሪለት ነው እንጂ እውነቱን እንድትነግሪው አይደለም» አለኝ፣ ደብረ ማርቆስ ዲሽና ቲቪ የምሠራበት ሱቅ ባለቤት፣ ያን ቀን ጠዋት፣ ፊት ለፊት። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ያላየሁትን አላወራም፣ የመንፈስ ምናምን ወሬ ሲጀመር ጥዬ ነው የምሄደው፣ ስለዚህ የምነግራችሁን እመኑኝ።

ከሰዓት በኋላ አማኑኤል ከተማ ሄድኩ፣ እትዬ ላቀች የሚባሉ ሴት ቤት። የባላቸው አርባ ነበር፣ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ የተዝካሩ ሰው ይበላል፣ እሳቸው ግን ሳሎኑን ዘግተው ቪዲዮ ከፈቱልኝ። የትልቁ ልጃቸው ሠርግ ነው፣ አባትየው ቆመው ልጆቻቸውን በየስማቸው ይመርቃሉ፣ ድምፁ ግን ከምስሉ ኋላ ይቀራል።

«ለየሺ ነው» አሉኝ፣ «ለታናሿ። ከዚህ ሠርግ በኋላ ያለ ፈቃዱ አግብታ እንደተኳረፉ ሞተ። አሁን መውለጃዋ ደርሷል፣ ያለ አባቴ ምርቃት እንዴት እወልዳለሁ እያለች እንቅልፍ የላትም። እዚህ ላይ መርቋት ነበር፣ አፉን እያየች ትስማው።»

ነገሩ ቀላል ነበር፣ ስፒከሩን በብሉቱዝ አገናኝተውት ነው የሚዘገየው፣ በገመድ አደረግኩት፣ የቀረውን ከሴቲንጉ አስተካከልኩ። ከበሮው ገጠመ፣ ጭብጨባው ገጠመ፣ አባትየውም «አስማማውን ባርክልኝ» ሲሉ ከንፈራቸው ልክ ነው፣ «ጥላዬን ባርክልኝ» ሲሉም ልክ ነው። «የሺን፣ ማሕፀኗን ባርክልኝ» ሲል ድምፁ፣ አፋቸው ዝግ ነው።

«መልሺው» አሉኝ እትዬ ላቀች።

መለስኩት። ዝግ ነው፣ ጥርሱን እንደነከሰ ሰው ግጥም ብሏል፣ ደግሞ ልማልላችሁ፣ አባትየው ቅድም የሚያዩት ሙሽሮቹን ነበር፣ አሁን ግን እኛን ነው። እንደገና መልሼ ድምፁን አጠፋሁት፣ ያኔ አፋቸው ተከፈተና ብዙ ተናገሩ። እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው የባላቸውን ከንፈር እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ዝም በይ። እንደ ነበረው አድርጊው።»

«እንዴ እትዬ፣ ያስተካከልኩትን ላበላሸው?»

«አበላሺው አልኩሽ፣ በእመቤቴ!»

ገመዱን ነቀልኩ፣ ከሴቲንጉም ድምፁን የቻልኩትን ያህል አዘገየሁት። የሺ ሆዷን ደግፋ ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ቪዲዮውንም ከፈትኩላት። ድምፁ ዘግይቶ ስሟን ሲጠራ ምስሉ ቀድሞ እልል ወደሚሉት ሴቶች ዞሮ ነበር።

«አሜን! አሜን አባዬ!» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ ስሜን ሲጠራኝ አፉን አላየሁትም፣ አይስተካከልም?»

እትዬ ላቀች ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

«ቲቪው ነው» አልኳት፣ «እንዲህ ዓይነቱ አይስተካከልም።»

«በቃ አንዴ ልድገመው» ብላ ሪሞቱን አነሳች፣ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።