አባባ በጣታቸው የፈለጓት ቁራጭ

ልጆች፣ ምዬ እነግራችኋለሁ፤ ይህን አታምኑኝም። እኔም ቆሜ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ግድ የለም፣ አትመኑኝ፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ።

ልጅቱ ቁልፌ ትባላለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ስትወለድ የኮት ቁልፍ ታክል ነበርና። (አጋነንክ አላችሁኝ? ትንሽ ብቻ ነው።) የምትኖረው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ፣ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው።

አባባ፣ ማለትም አያቷ፣ በዚያ ስፌት ቤት አርባ ዓመት ሰፍተዋል። የቆረጡት ጨርቅ ቢዘረጋ ሰማዩን ሸፍኖ ለጨረቃም አንድ ሸሚዝ ይተርፋታል። በመጨረሻ ግን ዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ እጅጌውን ይዳስሳሉ። «አንተ ነህ? ክርንህ ላይ ሳስቷል፤ አምጣው ይጠገን» ይላሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ጊዜ አባባ ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ሩቅ ከተማ ሄደው ሦስት ወር ሆስፒታል እንዲተኙ አዘዘ።

«ጨለማውን ለምጄዋለሁ» አሉ አባባ። «የሚያስፈራኝ የማላውቀው አልጋ ላይ ብቻዬን መተኛቱ ነው።»

ይህን ሲሰሙ እማማ፣ የቁልፌ ሴት አያት፣ ቤተሰቡን ሰበሰቡ።

«ብርድ ልብስ እንሰፋላቸዋለን» አሉ። «እያንዳንዱ ከገዛ ልብሱ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይቁረጥ። በገዛ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ይስፋት። ሲጨንቃቸው ይዳስሱናል።»

እማማ ከሻርፓቸው ቆረጡ። እናት ከሽርጧ፣ አባት ከሥራ ቱታው፣ አክስት ከነርስ ጋዋኗ።

ቁልፌ አንድ አረንጓዴ የከፋይ ቀሚስ አላት። አባባ ዓይናቸው ሳይጠፋ የሰፉት የመጨረሻ ልብስ እሱ ነው። መዝሙር ስትዘምር እሱን ለብሳ ነው የምትቆመው።

«ከጠርዙ ቁረጪ፤ እጥፋቱ ሰፊ ነው» አሏት እማማ።

«እሺ እማማ» አለች።

መቀሱን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። ደግማ አነሳች። ቀሚሱ አሳሳት። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የአባባ አሮጌ ኮት ተሰቅሏል፤ ገበሩ ለስላሳ ነው። «አያዩም እኮ» አላት ልቧ። ልጆቼ፣ ልባችሁ «አያዩም እኮ» ካላችሁ ቶሎ ብላችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ!

ቁልፌ ግን አልከተተችም። ከገበሩ ቆረጠችና ሰፋች።

«ይቺ ከየት መጣች?» አሉ እማማ።

«ከድሮ ቀሚሴ ናት።»

እማማ አመኗት። የብርድ ልብሱን ዙሪያ በኪሮሽ ጨረሱት።

የመሄጃው ቀን ደረሰ፤ ቁልፌ ለሽኝቱ ከፋይ ቀሚሷን ለብሳለች። መኪናው በር ላይ ቆመ፤ ሾፌሩም የበሩን መቃን ተደግፎ «ቶሎ በሉ እንጂ» ይላል። ሁሉም ጸሎት አድርገው ብርድ ልብሱን አባባ ጭን ላይ ዘረጉት። አባባ በጣታቸው ጀመሩ።

«ይቺ ሻርፕ ያንቺ ናት አንቺ ሴትዮ፣ ሃምሳ ዓመት የተጨቃጨቅኩባት። ይቺ ሽርጥ ናት፤ የሽንኩርቱ ሽታ ገና አልለቀቃትም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቀጠሉ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ገበር ነው። የኮቴ ገበር። ይሄማ እኔው ራሴ ነኝ።»

ሳቁ ጠፋ።

«ቁልፌ የታለች?» አሉ አባባ። ጣታቸው ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ከፋይ የለም። ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው አጠፉት።

«ይሁን። ቀሚሱ አጥሮባት ይሆናል። ልጅ ናት፣ አትቆጧት።»

ልጆች፣ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቁልፌ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«አባባ፣ ኮትዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቀሚሴን ሰስቼ ነው። እማማንም ዋሽቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ!»

እንባዋ እንዴት እንደወረደ ልንገራችሁ? ጎረቤት ዝናብ መጣ ብሎ ልብሱን ከገመድ አነሳ።

አባባ ራሷን ዳሰሱ። «ኮቱስ አሮጌ ነው። አንቺን ሳጣሽ ነው የደነገጥኩት። ይቅር ብዬሻለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ።»

ቁልፌ ብድግ አለች። መቀሱን አንስታ የለበሰችውን ከፋይ ቀሚስ ቆረጠች፤ ከጠርዙ ሳይሆን ከፊት ለፊት፣ ከጉልበቷ በላይ!

«ኧረ ልጄ!» አለች እናት።

ቁልፌ አልሰማችም። ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከፋይዋን በገበሩ ላይ ደርባ ሰፋች። ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋች። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል፤ እሷ በእንባ መካከል ትሰፋለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

አባባ እዚያው ጎንበስ ብለው ከፋይዋን ዳሰሷት።

«አሁን ቁልፌ መጣች» አሉ። «አሁን እሄዳለሁ።»

ልጆች፣ ለምንወደው ሰው መስጠት ያለብን የራሳችንን እንጂ ከእሱው የሰረቅነውን አይደለም።

አባባ ብርድ ልብሱን ታቅፈው ተነሡ። አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ቁልፌም አብራ ተጎተተች። ሁለተኛ ሄዱ፤ ቁልፌ ደግሞ ተጎተተች። ለካ በጥድፊያ ብርድ ልብሱን ከለበሰችው ቀሚስ ጋር አንድ ላይ ሰፍታዋለች! እኛ ልንሸኛቸው የመጣነው ሁሉ እንባ በዓይናችን ሞልቶ ሳቃችንን በመዳፋችን አፈንን። ሾፌሩ ግን አልቻለም፤

«ኧረ አባባ!» ብሎ ጮኸ፤ «ቁራጭ ቢፈልጉ ልጅቷን በሙሉ ሰፉልዎት እኮ!»