ይሄ ደግሞ ስም ነው?

ዋጋነሽ ከወለደች ወዲህ እንደ ስም ነገር ያንገበገባት አልነበረም።

ልጁ በግንቦት ተወለደ። ሰኔ ሲገባ ኮልፌ ባለችው ጠባብ ቤቷ ውስጥ ሁሉም በየፊናው ስም አውጥቶለት ነበር። አባቷ አቶ ወልደጊዮርጊስ በመጡ ቁጥር ገና ከደጅ «ሀብተሥላሴ እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ የአባታቸው ስም ነው። አማቷ እማማ ወለተጻድቅ ደግሞ ሕፃኑን ከአልጋ አንስተው እያባበሉ «ካሳሁን፣ የኔ ካሳ» ይሉታል። በዚያ ክፉ ዘመን የበኩር ልጃቸው ሞቶባቸዋል፤ ይሄኛው ካሳ እንዲሆናቸው ነው። ጎረቤቷ ሃጂራ ከሁለቱም ላለመጣላት «ማሙሽ» እያለች ታልፋለች።

«አባባ፣ ሀብተሥላሴ አይደለም» ትላለች ዋጋነሽ።

«ታዲያ ማን ነው?»

«አባቱ ሲመጣ ያወጣለታል።»

«አባቱማ! የት አለና ነው አባቱ?»

አባቱ የት እንዳለ እሷም አታውቅም።

ከአምሐ ጋር መጀመሪያ የተገናኙትም በስም ተጣልተው ነው። ለሹራብ መኪናዋ ክር ልትገዛ ከአየር ጤና ወደ መርካቶ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራ ሳለ፣ አንዲት ጓደኛዋ ከመንገድ ማዶ አይታት «ዋጋነሽ! ኧረ ዋጋነሽ!» ብላ ጮኸች። ከጎኗ የቆመው፣ የኮቱ እጅጌ ላይ ጠመኔ የነካው ወጣት ዞር አለና፦

«ስንት ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ዋጋሽ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የዋጋነሽ ፊት በርበሬ መሰለ። መውረጃዋ ሳይደርስ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ወጣቱም ደንግጦ ተከትሏት ዘለለ፤ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጠራ ነው የምውለው።»

«ያንተስ ስም ማን ነው?»

«አምሐ።»

«አምሐ እጅ መንሻ ማለት አይደል? እንግዲያው ወደ ላከህ ተመለስ። አልተቀበለችኝም በለው።»

አምሐ ሳቀ። በራሱ ነበር የሳቀው። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመና ዝም ብሎ አያት። ዋጋነሽ ክሩንም ሳትገዛ ያንን ዝምታ ይዛ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ፌርማታው ላይ አይጠፋም ነበር። አቶ ወልደጊዮርጊስ ነገሩን ሲሰሙ «በሰው ስም የሚቀልድ ሰው ቤት አይሠራም!» ብለው የመጡትን ሽማግሌዎች መለሱ፤ ደግመው ሲመጡም መለሱ። ዋጋነሽ ግን «እሱን ካልሆነ ማንንም» ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ አባቷ እያጉረመረሙ መረቁ።

አምሐ ደግ ሰው ነው፤ ያናድዳል እንጂ። ስታረግዝ ስለ ልጁ ስም ባነሳች ቁጥር «እናስብበታለን» ይላታል። ሲያስብበት ሲያስብበት በጥር ወር ዘመቻው መጣ። ሩቅ ቆላ ላይ ለሰፋሪዎች ጎጆ የሚሠሩ ሰዎች ከየትምህርት ቤቱ ሲመለመሉ እሱም ከተመረጡት አንዱ ሆነ። የሚሄዱበት ቀን መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ዋጋነሽ በእጇ የሠራችውን ሹራብ አለበሰችው።

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«መጣሁ» አላት። ሲጋራ ሊገዛ እስከ ሱቅ ብቅ እንደሚል ሰው፣ «መጣሁ» ብቻ ብሏት መኪናው ላይ ወጣ።

ፋሲካ አለፈ። ወለደች። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዘማቾቹ ሲመለሱ አምሐ አብሯቸው አልነበረም። ባልደረባው ጋሽ ነገሬ ሊጠይቃት መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ተቀመጠ።

«ደህና ነው፣ አይዞሽ። ግን… ራሱ ነው አሉ የቀረው።»

«ራሱ? እንዴት?»

«እኔ በፊተኛው መኪና ስለነበርኩ አላየሁም። ቦታ ነበረው፤ ‹እናንተ ሂዱ› አላቸው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

ዋጋነሽ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ራሱ ቀረ! ልጅ እንደሚወለድለት እያወቀ፣ ቦታ እያለው ቀረ። ያንን ቀን ልጇን ስታጠባ እንባዋ ግንባሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ይበልጥ ያበሳጫትም እንባዋ ነበር።

ክርስትናው ደረሰ። ቄሱ «ገብረ ኪዳን» ብለው አጠመቁት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው እንግዶቹ ጠላቸውን ይዘው እንደተቀመጡ አንዱ «የቤቱስ ስም ማን ተባለ?» ብሎ ጠየቀ። መጠየቅ አልነበረበትም።

«ሀብተሥላሴ!» አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ።

«ካሳሁን ነው!» አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

«እመቤቴ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ በአያት ወገን ነው የሚሰየም።»

«እኔስ አያት አይደለሁም? ነው ወይስ ልጄ ሞቷል ብላችሁ ደመደማችሁ?»

«እኔ ሞቷል አልኩ? አልመጣም ነው ያልኩት!»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ዋጋነሽ ከአባቷ እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና ብድግ አለች።

«መጣሁ ነው ስሙ!»

«ማን?» አሉ አባቷ።

«መጣሁ።»

«ይሄ ደግሞ ስም ነው?»

«አባቱ ትቶለት የሄደው ይህችን ቃል ብቻ ነው። ውርሱን ሰጠሁት።»

እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሃጂራ ብቻ ቃሉን ደጋግማ ሞከረችውና «ለምላስስ ይቀላል» አለች።

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ሰው እየሳቀ ይጠራዋል፤ ዋጋነሽ ግን አትስቅም። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጁን ስትጠራው ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር። ኋላ ግን እሷ ሳታውቀው ቁጣው እየሟሟ ሄደ። ልጁ ምን አጠፋ?

ነሐሴ ላይ አንድ ረፋድ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ዋጋነሽ የሹራብ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሃጂራ ከአጥሩ ወዲያ ተጣራች።

«ዋጋ! መጣሁ ነቃ እንዴ?»

«አልነቃም!»

«ማን ነው መጣሁ?» አለ አንድ ሰው ከበሩ ላይ።

ቀና አለች። ሹራቡን ነው መጀመሪያ ያወቀችው። ሰውየው ውስጡ የለም ማለት ይቻላል፤ ሹራቡ ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

«ልጅህ ነዋ» አለችው፤ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ።

አምሐ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ልጁን አየው። ሊነካው እጁን ዘረጋና መለሰው። ብዙ ቆየ። ዋጋነሽ ጀርባውን እያየች ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ፈለገች፤ አንዱም አልመጣላትም። ስሙ ከየት እንደመጣ ብቻ ነገረችው።

«ልጄን በብስጭት ሰየምሽው?»

«በምን ልሰይመው? ሌላ ምን ተረፈኝ? ቦታ እያለህ ቀረህ አሉኝ። እውነት ነው?»

አምሐ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እውነት ነው። አንድ የታመመ ባልደረባ ነበረን፤ መኪናው ሞልቶ አንቀበልህም አሉት። ቢቀር ይሞት ነበር፤ ቦታዬን ሰጠሁት። በሚቀጥለው እመጣለሁ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፣ እኔንም ወባ ጣለኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጠንካራ ነሽ ብዬ…»

«ማን ነው ጠንካራ ናት ያለህ!» ብላ ጮኸች። ልጁ ነቃ። አንስታው እያባበለች ጀርባዋን ሰጠችው። «ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጥሩ ሰው መሆንህ! መጥፎ ብትሆን ኖሮ አርፌ እጠላህ ነበር።»

አምሐ ዝም አለ። ያው የፌርማታው ዝምታ ነው። ዋጋነሽ ዞር ሳትል ልጁን ወደ ኋላ ዘርግታ ክንዱ ላይ አኖረችለት።

ስሙን ግን አልተቀበለውም። «ዋጋዬ፣ እኔ ስም ስጠራ የምኖር ሰው ነኝ። አስተማሪው ‹መጣሁ› ብሎ በተጣራ ቁጥር ክፍሉ ሁሉ ወደ በሩ ይዞራል። ይህ ልጅ ዕድሜውን በሙሉ ሲሳቅበት ሊኖር ነው።» እዚያው በረሃ ሆኖ ያሰበው ስም ነበረው፤ «ጎህጽባህ»።

«ጎህም ጽባህም ንጋት ነው። ለአንድ ልጅ ሁለቴ ሊነጋለት ነው?»

እንዲህ እየተነታረኩ ሰነበቱ። ስትቆጣው ይውላል፤ ብርድ ብርድ ሲለው ደግሞ ጋቢውን አምጥታ ትደርብለታለች፤ ደርባለት ሳትናገር ትሄዳለች። እሱም የምትሠራበት መስኮት አጠገብ ልጁን ይዞ ይቀመጥና ክሩን የሚያይ መስሎ እሷን ያያል። ስታየው ዓይኑን ይሰብራል።

መስከረም ሲጠባ ለልጁ የስኳር ኮታ እንዲወጣለት ሊያስመዘግቡት ቀበሌ ሄዱ። ዋጋነሽ መከራከሩን ትታለች። ደክሟት ነበር፤ ጎህጽባህም ይሁን፣ ይግደለኝ ብላ ወስናለች። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«የሕፃኑ ስም?»

ዋጋነሽ ወደ ባሏ አየች። እሱ ከመናገሩ በፊት ውሳኔዋን ዘንግታ፣ ከለመደ አፏ አመለጣት፦ «መጣሁ።»

«ወዴት መጣሽ? ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ስሙ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን ጣለና ከትከት ብሎ ሳቀ። በወረፋ የቆሙትም ሳቁ። «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ስም ነው? አብዮት በይው፣ ትግሉ በይው፤ ስንት የሚያኮራ ስም እያለ! ነገ ልጁ ራሱ ይረግምሻል።»

የዋጋነሽ ፊት ጋለ። ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ እንደሆነችው ልትወጣ ስትል አምሐ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ስሙ መጣሁ ነው። መጣሁ አምሐ። ብቻዋን አምጣ የወለደች እናቱ ናት ያወጣችለት። ይጻፉት።»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ ጓድ፣ ለልጁ ብዬ…»

«ይጻፉት።»

ጸሐፊው ጻፈ። የሚስቅ አልነበረም።

ውጭ ሲወጡ ፀሐይ ነበር፤ የጎዳናው ጭቃ መድረቅ ጀምሯል። ዋጋነሽ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመች።

«ለምን እንዲህ አልክ? አትወደውም አልነበር?»

«ስሙን አሁንም አልወደውም» አለ አምሐ። «ያወጣችለትን ነው የምወደው።»

የዋጋነሽ ዓይን ሞላ፤ ደግሞም ሳቋ መጣ፤ ሁለቱንም ልትደብቅ ፊቷን ወደ ልጁ አዞረች። ያኔ አየችው፤ አምሐ ክንድ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሕፃን አንገቱ ወደ ኋላ ተንጋሏል።

«አንተ ሰው! አንገቱን ደግፈህ ያዘው እንጂ! ስንቴ ልንገርህ!» አለችና፣ እየተቆጣችው፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ጎዳና ላይ ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች።