ኮረሪማው በዝቷል

ኪዱን መጀመሪያ ያየሁት የመስቀል ሰሞን ነው፤ እየተሳደበ። እኔን አይደለም፤ የሚሸጠውን ጠርሙስ።

እኔ ቡታጅራ፣ እትዬ ዘነበወርቅ ሆቴል ውስጥ ባንኮኒ ላይ ነው የምሠራው። ኪዱ ደግሞ ከወልቂጤ መጠጥ የሚያከፋፍል ልጅ ነው። የዚያን ቀን ሩም ክሬም የሚሉትን ይዞ መጣ፤ ሩም ከወተት ክሬም ጋር ተዋህዶ፣ ጣፍጦ የሚጠጣውን። እትዬ ዘነበወርቅ በጥር ለሚመጡት የሰርግ እንግዶች አንዱን መምረጥ ፈልገዋል። ባለ ቡናው፣ ባለ ቸኮሌቱ፣ ባለ ሙዙና ባለ ኮኮናቱ ባንኮኒው ላይ ተደረደሩ፤ እኔም መለኪያ አወጣሁ። ሻጭ ነውና ሁሉንም ያሞግሳል ብዬ ነበር።

ኮኮናቱን ቀመስ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ የፀጉር ቅባት ነው።»

«የምትሸጠው አንተ አይደለህ እንዴ?» አልኩት።

«ብሸጠውስ? አፌን አላታልለው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ባለ ሙዙን የልጆች ሽሮፕ ነው አለው። ቸኮሌቱ አንድ መለኪያ ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ያንገሸግሻል አለ። ባለ ቡናውን ግን ዝም ብሎ ጠጣና ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ባንኮኒ ላይ ስቆም ሰው ሁሉ ቅጂልኝ ነው የሚለኝ። ምን ጣፈጠሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ቡናው ጥሩ ሆኖ ክሬሙ ግን የዱቄት ወተት ጣዕም አለው አልኩት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወደድኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምክንያት አላጣም። አንድ ሳጥን ቢራ ለማድረስ ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ የሚነዳ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ከባንኮኒው ፊት ተቀምጦ ያወራኛል፣ ያስቀኛል፤ ዋናውን ነገር ግን አይናገርም። እኔም እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ከእነዚህ ሁሉ አንቺ ብትሠሪው ይሻላል ብሎኝ ሄደ።

ሠራሁት። ከሰፈር ላሞች ወተት የወጣ ክሬም፣ ሩም፣ ማር፣ ወፈር ያለ ቡና፤ የጉራጌ ልጅ ነኝና ኮረሪማም ጨመርኩበት። እትዬ ዘነበወርቅ ኪዱ ቀምሶ ካመነበት ለሰርጉ ይቀርባል አሉ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሰርግ እንግዳ አልነበረም። እሱ ሲቀምሰው ፊቱን ማየት ነበር የፈለግኩት።

ጥቅምት ውስጥ ሐሙስ ቀን መጣ። ሐሙስ መሆኑን ያዙልኝ፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ክሬም አለበትና ራሴም አልሰጠውም ነበር። ቀዳሁለት። አነሳው፣ አሸተተው፣ ዓይኑን ጨፈነ... መልሶ አስቀመጠው።

«ይቅርብኝ።»

«ምነው? የፀጉር ቅባት ሸተተህ?»

አልሳቀም። «አይደለም... ሌላ ጊዜ» አለና አቀረቀረ።

እትዬ ዘነበወርቅ መለኪያውን አንስተው ሻጩ ያልደፈረውን እንግዳዬ አይጠጣውም አሉ። እሱ ቀልቶ ወጣ፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ኮኮናቱን እንኳ ቀምሶ ነው የሰደበው፤ የእኔን ለስድብም አልፈለገውም። የባንኮኒ ሴት የሠራችውን ማን ይቀምሳል ብዬ ማታ ጠርሙሱን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ሲደውል አላነሳሁም። ደጋግሞ ደወለ፤ እኔም ደጋግሜ ዘጋሁበት።

እትዬ ዘነበወርቅም ለሰርጉ መጠጥ ሌላ አከፋፋይ እንዳናግር ወልቂጤ ላኩኝ። ሚኒባስ ቀያይሬ፣ በእምድብር በኩል አልፌ ደረስኩ። ቅዳሜ ነበር። ምሳ ልብላ ብዬ አንድ ክትፎ ቤት ገብቼ ገና ስቀመጥ አስተናጋጇ ጥግ ላይ ካለ ሰው ጋር ስትቀልድ ሰማሁ።

«ኪድዬ፣ ዛሬም ሽሮ? በቅዳሜ?»

ዞር አልኩ። እሱ ነው። ቤቱ ሙሉ ክትፎ ቀርቧል፣ እሱ ብቻውን ሽሮ ይበላል። ኩራቴ የት እንደገባ እንጃ፣ ተነስቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም» አለ ደንግጦ።

«ታዲያ?»

«ጽጌን እየጾምኩ ነው።»

የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው። የፈለገ ይጾማል፣ ያልጾመውን ማንም አይጠይቀውም። እኔ የማውቃቸው የሚጾሙት ትልልቅ እናቶች ናቸው፤ መጠጥ የሚያከፋፍል ወጣት ይጾመዋል ብዬ በምን ላስብ? ሩሙ ቢፈቀድለት እንኳ ክሬሙ የፍስክ ነው...

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እትዬ ፊት ጾመኛ ነኝ ብዬ ላውጅ? ያሳፍራል። ደግሞም ለምን እንደምጾም ብትጠይቂኝስ ብዬ ፈራሁ።»

«ይኸው ጠየቅኩህ።»

ጣቶቹን አያቸው። «ስላንቺ ነው። አፌ መጠጥ ላይ ነው እንጂ አንቺ ፊት አይደፍርም። ድፍረት እንድትሰጠኝ ለእመቤቴ ተስዬ ነው፤ እስከ ቁስቋም።»

የእጄን ሥራ የናቀ መስሎኝ ሳለቅስ፣ እሱ ለካ ስለ እኔ ነበር አፉን የከለከለው። እዚያው ሽሮው ላይ እንባዬ መጣ። መጠጡን እንደደፋሁት ስነግረው ከእኔ ይልቅ እሱ አዘነ።

«ሁሉንም?»

«ሌላ እሠራለሁ» አልኩትና አስተናጋጇን ጠራሁ። «ለእኔም ሽሮ።»

ቁስቋም ደረሰ። ኪዱ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ በቀጥታ ወደ ባንኮኒዬ መጣ። ሁለት መለኪያ ቀዳሁ፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሬው ጾሜያለሁና አብረን ልንፈታ ነው። እትዬ ዘነበወርቅ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ኪዱ ጎንጨት አለ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዋጠው።

«ኮረሪማው በዝቷል።»

እትዬ ዘነበወርቅ «ወይኔ ልጄን!» አሉ። እሱ ግን የቀረውን ጨለጠና መለኪያውን መልሶ ዘረጋልኝ።

«ጨምሪልኝ። ድፍረቱንም አግኝቻለሁ፤ ታገቢኛለሽ?»

«ኮረሪማውን አልቀንስም» አልኩት፤ መለኪያውን እየሞላሁለት።

«አትቀንሽ። እለምደዋለሁ።»

የነቢያት ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ላከ። በጥር እትዬ ዘነበወርቅ የኔን ሩም ክሬም ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡት በራሴ ሰርግ ላይ ነው። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ኮረሪማው በዝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከጠርሙሶቹ ግን የተረፈ አልነበረም።