የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ጆአን ጓንቷን አላወለቀችም።

በዚህ ብርድ ጓንት የሚያወልቅ ወይ እብድ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ዊኒፔግ ዳርቻ ያለው የፋብሪካው መኪና ማቆሚያ በውርጭና በጭስ ታፍኗል። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ሞተሩን ብርድ እንዳይገድለው የመኪናዋን ገመድ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ሰካች። አርባ ስድስት ቁጥር። የሶኬቱን ክዳን ስትመልሰው ከሥሩ አንዲት ፍላሽ ቀረች።

ሦስት ሴኮንድ።

ማንም አላየም።

«ደወል፣ መርፌ ነኝ» አለች በጆሮ ማዳመጫዋ። «ዕቃው ቦታው ላይ ነው።»

«የማን ማህደር ነው?»

«የጠየቅከው። የሬይናልዶ።»

«ጎበዝ። ሴትዮዋስ?»

«ሎርና ገና አልገባችም።»

«ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ። ሌባዋ እሷ ናት፣ እመኚኝ።»

ደወል ግራንት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራችው አለቃዋ። መርፌ እሷ ናት። ለፋብሪካው ሰው ግን ጆአን ፍሪዘን ናት፤ ብራንደን ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት ሦስተኛ ክፍል አስተምራ፣ ጠመኔ ሰልችቷት፣ በአርባ አምስት ዓመቷ የርቀት ኮርስ ወስዳ ወደ ሰው ሀብት ሥራ የዞረች ሴት። አንድም ቀን አስተምራ አታውቅም። ሕይወቷን ሙሉ የሠራችው ሰው መከተል፣ ሰው ማዳመጥና ሰው ማናዘዝ ነው።

ፋብሪካው ሳተላይት ላይ የሚገጠም ካሜራ ይሠራል። ከሰው ሀብት ክፍል የመሐንዲሶቹን ማህደር አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አለ። የማን እናት ታማለች፣ የማን ቤተሰብ የት አገር ቀርቷል፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ገዢዎቹ ይህን አንብበው ደካማውን ይመርጣሉ። ከዚያ ስልክ ይደወላል። መሐንዲሱ ኦውን ቤርድ እምቢ አለ፤ ኅዳር ላይ ከወንዙ በረዶ ሥር ጎትተው አወጡት። ሁለተኛው የካሜራውን ንድፍ ሰጠ፣ እሱም የገባበት አልታወቀም። ቀጣዩ ሬይናልዶ ማግባኑዋ ነው ተብሏል፤ ግራንትም ማህደሩን የጠየቀው እንደ ኦውን ጊዜ ሁሉ «ለጥበቃ» ብሎ ነው። ሦስተኛ ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ የእሷ ፈንታ ነበር።

ስምንት ወር ሎርናን ስትሰልል ከረመች። ወይ ጉድ! ሎርና ማክሊሽ እኮ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ናት፤ ጆአንን የቀጠረቻት፣ ያስተማረቻት። ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት ነርስ ነበረች፤ ወገቧ እምቢ ሲላት ነው በአርባ አራት ዓመቷ ሙያ የቀየረችው። ስለዚህ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ትወዳለች። ጆአን ለቃለ መጠይቅ በመጣች ቀን ሎርና ሲቪዋን እንኳ አልገለጠችም።

«ሠላሳ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘሽ ካላበድሽ» አለቻት፣ «እዚህ ያሉት አራት መቶ ጎረምሶች አያቅቱሽም።»

ከዚያ ሥራውን አሳየቻት። ሰው ማሰናበት ራሱ ሥርዓት አለው።

«ሶፍቱን ቀድመሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ሰው እያለቀሰ አንቺ ሶፍት ፍለጋ እንዳትንከራተቺ። ቁጭ ሲል ኮምፒውተሩ ይዘጋል። ባጁን ተቀበዪ። በጎን በር ሸኚው፣ ጓደኞቹ እንዳያዩት። ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ አትሸኚ። ሰው ነው፣ ዕቃ አይደለም።»

ጆአን ሥራውን ወደደችው። ይህ በዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ሰዎች በሯን አንኳኩተው ገብተው ችግራቸውን ሲነግሯት፣ የሰማችውን ለማንም ሳትሸጥ አንድ ነገር ታደርግላቸው ነበር። በዚህ ዕድሜዋ ደስ የሚል ሥራ እንዳለ ማወቋ አናደዳት።

አንድ የቆየ ልማድ ግን አልለቀቃትም። ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቅጂ አትሰጥም። ሬይ በሚሉት በሬይናልዶ ማህደር ላይ፣ «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ከሚለው ፊት ለፊት የሚስቱ ስም ነበር። ቢሮ ባለው ማህደር ላይ እሱን አጥፍታ «ኮራዞን፣ እህት» ብላ ጻፈች። ሎርና ከሰረቀች የምትሰርቀው ይህን ነው። በግራንት ፍላሽ ላይ ደግሞ «ሊጋያ፣ እህት፣ ተንደር ቤይ» አለች። ስሙን ያገኘችው አንዲት ዳቦ ሻጭ ደረቷ ላይ ከለጠፈችው የስም ካርድ ነው። ግራንትን ጠርጥራው አልነበረም። ጥርስ እንደ መፋቅ ያለ ልማድ ነው።

ይህ ሰኞ ነው።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሬይ እየሳቀ ቢሮዋ ገባ። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ሴት አለቃ ሁሉ ለእሱ «ማም» ናት።

«ማም ጆአን፣ የዛሬን ስሙኝማ! አንድ ሰውዬ ደወለልኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ንድፉን ይዘህ ጎን በሩ ጋ ቁም፣ መኪና ይወስድሃል፤ ካልመጣህ እህትህን ቅበራት አለኝ።»

«ይሄ ምኑ ያስቃል?»

«እህት የለኝማ! አራት ወንድም ነው ያለኝ፣ አራት ጦጣ። እናቴ ሴት ልጅ ስጠኝ ብላ ስትለምን ነው የኖረችው።» ዓይኑን ጠረገ። «አጭበርባሪ ስልክ ከመጣ ንገሩኝ ብለው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል አይደል? ያው ነገርኩዎት።»

ጆአን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የእህትህን ስም ጠርቷል?»

«ሊጋያ አለ። ተንደር ቤይ ነው የምትኖረው አለ። እኔ ተንደር ቤይን በካርታም አላየሁት!»

ኮራዞን አላለም።

ሊጋያ ነው ያለው።

ግራንት። የአባቷን የሬሳ ሣጥን ከፊት ይዞ የተሸከመው ግራንት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «በርቺ» እያለ የደወለላት ድምፅ። ሌባዋ ሎርና ናት ያላት እሱ ነው። እዚህ ቢሮ ያስቀመጣትም እሱ ነው። ከሰው ሀብት ኮምፒውተር ማህደር የሚያወጣለት እጅ ፈልጎ ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ የእሷው ነው። የኦውንንም ፍላሽ ከዚያችው ክዳን ሥር ያስቀመጠችው እሷ ራሷ ነበረች።

 

ቀና ስትል በመስታወቱ በኩል ሰው የሚሰናበትባት ትንሿ ክፍል ታየቻት። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን አለ።

የስንብቱን መርሐ ግብር የምትይዘው እሷ ናት። በዚህ ሳምንት የሚሰናበት ሰው የለም።

ኮምፒውተሯ ላይ መልእክት ብቅ አለ። ከሎርና ነው። «አምስት ደቂቃ ብቻ። ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ነዪ።»

ይህንኑ መልእክት እሷ ራሷ ለዘጠኝ ሰው ልካለች።

«ሬይ፣ ግቢው ውስጥ የሠራተኛ ጆሮ የሚመረመርበት መኪና ቆሟል። አሁኑኑ ግባ።»

«የእኔ ተራ ዓርብ ነው ማም። ጆሮዬም ደህና ነው።»

«ስምህን አንደኛ አድርጌዋለሁ። ስልክህን በር ላይ ይቀበሉሃል፣ ድምፅ የማያስገባውን ሳጥን ይዘጉብሃል። እኔ የላክሁት ሰው ካልመጣ እንዳትወጣ።»

«ለጆሮ ይሄ ሁሉ?»

«ሬይ፣ በእናትህ ሂድልኝ።»

ሳቁ ጠፋ። ፊቷን አየና ሄደ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የስለላ ሥራዋ አንዴም ያልደወለችበትን ቁጥር መታች። ከግራንት በላይ ያለውን ሰው በስም የሚያውቀው የለም፤ አያት ይሉታል።

«መርፌ ነኝ። ደወሉ ተሰንጥቋል።»



«ማስረጃ?»

«ሁለቱን ቅጂ አሁን እልካለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሬይናልዶን ጎን በሩ ጋ ቀጥሮታል። ሰውየው የጆሮ መኪናው ውስጥ ነው።»

«ስንት ደቂቃ አለሽ?»

«እስክባረር ድረስ።»

ፋይሉ ተላከ። ኮምፒውተሯን አጥፍታ ይዛ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። ቁጭ አለች።

ሎርና ዓይኗ ቀልቷል። ሶፍቱን ራሷ ጀምራዋለች።

«ትናንት አንድ ሰው መጣ» አለች። «የመንግሥት መታወቂያ አሳየኝ። ብራንደን ውስጥ ጆአን ፍሪዘን የምትባል አስተማሪ ኖራ አታውቅም አለኝ። አላመንኩትም። ደወልኩ። ለሦስት ትምህርት ቤት ደወልኩ፣ ጆአን።»

ሎርና ወደ ፊት ዘንበል አለች።

«የኦውንን ማህደር አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

አዎ ነው መልሱ። እንዲያም ሆኖ አዎ አይደለም። አንዲት ቃል ብትተነፍስ በሎርና ፊት ላይ ይነበባል፤ ሎርና ደግሞ መዋሸት አትችልበትም። ያን መታወቂያ ያሳያት፣ ግራንት የላከው ሰው ያንን ፊት ያነባል።

«ስለዚህ ልነግርሽ አልችልም።»

«አትችይም!» ሎርና ጠረጴዛውን መታች። «ኦውን ሲቀበር እኔን አቅፈሽ አልነበረም ያለቀስሽው? ልጆቹ ቤት ሾርባ ይዤ ስሄድ አንቺ አልነበርሽም ድስቱን የያዝሽልኝ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

ጆአን ባጇን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ሎርና አንድ ወረቀት ከፊቷ ገለበጠች። የጆአን ማህደር ነው።

«የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብለሽ የጻፍሽው እኔን ነው። ሲከፋሽ፣ ስትወድቂ፣ ለእኔ እንዲደወል። እሱም ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው» አለች ጆአን።

«አላምንሽም።»

ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። ሎርና የጎን በሩን ከፈተችላት። በያዘችው የዕቃ ሣጥን ውስጥ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ የደረቀ አበባ ከነማሰሮው አለ። አፍሽን ዘግተሽ አትሸኚ ያለቻት ሴት አፏን ዘግታ ሸኘቻት። በሩ ከኋላዋ ተቆለፈ።

የግራንት መኪና አርባ ስድስት ቁጥር አጠገብ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። መስታወቱ ወረደ።

«ግቢ። ተቃጥለሻል፤ ማንነትሽ ታውቋል። ከዚህ ላወጣሽ ነው የመጣሁት።»

ኦውንም እንዲህ ተብሎ ይሆናል።

«እጄ ደንዝዟል፣ ግራንት። ሣጥኑን ያዝልኝ።»

ሁለቱም እጆቹ ሣጥኑን ሊቀበሉ ተነሡ። ከመቀመጫው በታች የነበረውም እጅ ጭምር።

«ሬይናልዶ የት ነው?» አለ።

«ጆሮውን እየተመረመረ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። ዘግይቶ ነበር። በግራም በቀኝም መኪና ቆመ፤ አራት ሰው ወረደ። ግራንት አልታገለም፤ ጩኸት ለማይወድ ሰው እንደሚገባ እጁን መስኮቱ ላይ ዘረጋ።

«ምንም የላችሁም» አለ ቀስ ብሎ።

«ሊጋያ» አለችው።

«የሬይ እህት? ምን ሆነች?»

«እህት የለውም።»

ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ቆየ። ከዚያ ወሰዱት።

አያት ከኋለኛው መኪና አልወረደም። በሩን ከፍቶ አስገባት። ሽማግሌ ነው፤ ጉንፋን ይዞታል።

«ሬይ ቤተሰቡን ይዞ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ተርፏል» አለ። «ግራንትን መያዛችንን ገዢዎቹ ማወቅ የለባቸውም። ሌባዋ ተይዛ ተባረረች ብለው ይመኑ።»

«ሌባዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«በወረቀት።»

«ለሎርና ማን ይነግራታል?»

አያት ሶፍት አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ።

«ማንም።»

ልትጮህበት ፈለገች። አልጮኸችም። ሎርና እስክትሞት ድረስ ኦውንን የገደለችው እኔ የቀጠርኳት ሴት ናት ብላ ትኖራለች፤ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰውም ዳግመኛ አትቀጥርም ይሆናል። ይህን አስባ በመኪናው ውስጥ እንደ ልጅ አለቀሰች። አያት ሶፍቱን ሊያቀብላት አላሰበም።

መጋቢት ላይ፣ ሌላ ከተማ፣ ወደቡ ዳር ያለ አንድ የዓሣ ፋብሪካ። ፀጉሯ አጭር ነው፤ ስሟም ሌላ። የሰው ሀብት ቢሮ ውስጥ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ፎርም እያስሞላቻት ነው። ልጅቷ ትደነባበራለች፤ እስክሪብቶዋን ሁለት ጊዜ ጣለች።

«ይቅርታ፣ ለሥራው አዲስ ነኝ። ከዚህ በፊት ፀጉር ቤት ነበር የምሠራው።»

«ይሆንልሻል» አለች ሴትዮዋ። «ፀጉር ቤት ሰው ሁሉ ሆዱን የሚያወራበት ቦታ ነው። ሶፍት ብቻ አጠገብሽ አይጥፋ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ በጣቷ ወደ መጨረሻው መስመር ጠቆመች።

«ይቺን ዘለሉ። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን አነሣች። አንድ የስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች፤ የዊኒፔግ ቁጥር። እጇ የመጀመሪያውን አኃዝ ሊጽፍ ወረደና ቆመ።

ከዚያ «ሊጋያ፣ ተንደር ቤይ» ብላ ጻፈች።

«ምንዎ ናት?»

«እህቴ ናት» አለች፣ ፎርሙንም መለሰችላት።