ጉንዳን ያልወጣባቸው ቃሪያዎች

ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር፣ በእትዬ ዓለምፀሐይ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ስድስት የቃሪያ ተክሎች ነበሩ። በስድስቱም ላይ ክሽክሽ የሚባሉት፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጡ አረንጓዴ ነፍሳት ሰፍረዋል። ጉንዳኖች ከክሽክሾቹ የሚወጣውን ጣፋጭ ጠብታ ይልሳሉ፤ በምላሹ ሊበላቸው የሚመጣውን ጥንዚዛ ያባርሩላቸዋል።

የነፍሳት ተመራማሪዋ ሐሊና የሦስቱን ግንድ ጉንዳን የማያሳልፍ ቅባት ቀባች። ጠባቂ ያጡት ክሽክሾች በስንት ቀን እንደሚያልቁ ማወቅ ፈልጋለች። እነሱ ሲያልቁ የእሷም መምጣት ያበቃል።

በየማለዳው ከምትኖርበት ሰፈር ከኪሌሌሽዋ መጥታ ስትቆጥር የእትዬ ዓለምፀሐይ የወንድም ልጅ ታዴዎስ በርጩማ ያወጣላታል።

«ዶክተር፣ ዛሬ ከክሽክሾቹ የቀረ ተማሪ አለ?»

«ስቆጥር አታናግረኝ።»

አጠገቧ ቆሞ ያያታል። ያኔ ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች፤ በሌላ ሰው ፊት ጠፍቶባት አያውቅም።

አንድ ቀን፣ «አክስቴ ሞያሌ ሽማግሌ ልትልክልኝ ነው» አላት።

«መቶ አርባ ስድስት» አለች፣ ዓይኗን ከቅጠሉ ሳትነቅል።

ወር ሞላ። ቅባት የተቀቡት ላይ ያሉት ክሽክሾች ግን አልቀነሱም። ሐሊና ግራ ገባት። በማግስቱ ሰዓቷን ቀድማ ስትደርስ፣ ታዴዎስ በቀጭን ብሩሽ ክሽክሽ ቅባት ካልተቀባው ቃሪያ ወደተቀባው ሲያሻግር አገኘችው።

ብሩሹን አልደበቀም። «ካለቁ አትመጪማ» አለ።

ልቧ ዘለለ። ከአፏ የወጣው ግን ስለ ቁጥሩ ነበር፤ የወር ድካሟን ገደል እንደከተተው፣ ሐሰት ልታሳትም እንደነበር ነገረችው።

«እንድመጣ መጠየቅ አትችልም ነበር?»

«ስቆጥር አታናግረኝ ብለሽኛል።»

ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ሳውዝ ሲ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጓደኛዋ አቢግያ ግቢ ውስጥ፣ በሌሎች ስድስት ቃሪያዎች እንደ አዲስ ጀመረች። እዚያ የሚያያት ስላልነበረ ቁጥር አልጠፋባትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ጉንዳን ክሽክሽ በአፉ ይዞ ከጠወለገ ቅጠል ወደ ለምለም ሲያሻግር አየች። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የታዴዎስን ብሩሽ አሰበች። የዚያኑ ዕለት ሁርሊንግሃም ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ ቆጠራው ይለቅ ብላ ተወችው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅባት የተቀቡት ላይ የነበሩት ክሽክሾች አለቁ። ቀጥታ ሁርሊንግሃም ሄደች።

«ዘገየሽ፣ ልጄ» አሏት እትዬ ዓለምፀሐይ። «የሞያሌዋን ነገር እንቢ ሲለኝ ከርሞ፣ ባለፈው እሑድ እሺ አለኝ። ትናንት ሄደ።»

በርጩማዋ ጓሮ ውስጥ በቦታዋ ነበረች። ሐሊና ተቀመጠችና ቅባት የቀባቻቸውን ሦስት ቃሪያዎች ቅጠል በቅጠል እያገላበጠች ቆጠረች።

አንድም ክሽክሽ አልነበረም።